ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ለኮናሚ ኩባንያ
ቶኪዮ

እኛ በጌም ቤት አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ ያደግን የወለጋ ልጆች ነን። ከተማችን ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ድምፃችን ቶሎ ላይደርሳችሁ ይችላል። እንዳትሰጉ፤ የያዝነው አቤቱታ አይደለም። አቤቱታ የሚያቀርቡ ሌሎች ናቸው። እኛ የምንጽፈው ለማመስገን ነው፤ ምስጋና መንገድ ላይ ፍተሻ አይበዛበትም።

የመጀመሪያው ምስጋናችን ስለ ድሮው ነው። ኩባንያችሁ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ላይ ጁክ ቦክስ በማከራየትና በመጠገን ሥራ እንደጀመረ ሰምተናል። ጁክ ቦክስ ደግ ዕቃ ነበር። ሳንቲም የሰጠ ሰው የመረጠውን ዘፈን ያሰማዋል እንጂ፣ ሳንቲሙን ውጦ የሌላውን ምርጫ አይዘፍንበትም። ከዚያ ዊኒንግ ኢሌቨንን ሠራችሁ፤ በሌላው ዓለም ፔስ ተባለ፤ ዞሮ ዞሮ እኛም ዘንድ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ፔስ 6 የተጫወተ ሰው የአድሪያኖን ግራ እግር አይረሳም። ኳሷ ለግራ እግሩ ከተመቸች በረኛው የሚያደርገው አልነበረም። በዚያ ዘመን ፈቃድ ስላልነበራችሁ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» እያላችሁ ታጫውቱን ነበር። ስሙ የውሸት፣ ኳሱ የእውነት። ዛሬ ከትልልቅ ክለቦች ጋር ተፈራርማችኋል፤ ፊርማውም ማኅተሙም ሙሉ ነው። ስሙ የእውነት ሆኗል። ስለ ኳሱ እንመለስበታለን።

ሌላው ዓለም ወደ ፒኤስ 4 ሲሻገር እናንተ ለፒኤስ 2 ፔስ 2014ን ማውጣታችሁም አይዘነጋም። ያ ሲዲ ዕድሜያችንን አርዝሞልናል። ማሽናችን ሌንሱ ደክሞ «አላነብም» ሲል በጀርባው ይገለበጥና ያነባል። የጆይስቲኩ ላስቲክ ተልጦ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ግራ ብትለው ግራ ይሄዳል፣ ቀኝ ብትለው ትንሽ ያስብበታል። ሚሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ማስተር ሊግ እዚያች ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። የሌላውን ሴቭ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ካልገባ በቀር ወደ አግዳሚው አይመለስም።

ማስተር ሊግ የሚጀመረው ካስቶሎና ሚናንዳ በሚባሉ፣ ከጨዋታው ውጭ ማንም በማያውቃቸው ተጫዋቾች ነበር። ከታችኛው ዲቪዚዮን ተነስተህ፣ ነጥብ አጠራቅመህ፣ ሰው ገዝተህ፣ ሰው ሸጠህ ቀስ እያልክ ትወጣለህ። ዘመድ የለህም፤ የሚያውቅህ ባለሥልጣን የለም፤ ያለህ ካስቶሎ ብቻ ነው። የማይታወቅ ሰው ከታች ተነስቶ በጨዋታው ብቻ ላይ የሚደርስበት መንገድ እንዳለ ያሳየን እሱ ነው። ሌላ ቦታ ፈልገን አላገኘነውም።

ሁለተኛው ምስጋናችን ስለ ስም ለውጡ ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ፔስ የሚለውን ስም ጥላችሁ «ኢፉትቦል» መባላችሁን አወጃችሁ። አሮጌው ዘመን አበቃ፤ ሁሉም የሚሳተፍበት፣ ነጻ የሆነ ጨዋታ ይመጣል ተባለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣ። መስቀል ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኛ ቤት የበዓሉ አንጮቴ ገና ከድስቱ አላለቀም። ሲከፈት የቀረቡት ክለቦች ዘጠኝ ነበሩ። የሜሲና የሮናልዶ ፊት የዓለም መሳቂያ ሆነ። ስቲም በተባለው የጌም መደብር ተጠቃሚዎች የሰጡት ነጥብ በመደብሩ ታሪክ ከታዩት ዝቅተኛ ነጥቦች ተርታ ገባ።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቃችሁ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ደንግጠናል። ያጠፋ ክፍል በማግስቱ ወጥቶ «አጥፍቻለሁ» ሲል አይተን ስለማናውቅ፣ ትርጉሙ ተሳስቷል ብለን ደግመን አነበብነው። የተሟላው ጨዋታ ነው የተባለው እትም 1.0 የደረሰው ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስድስት ወር አለፈ። ለስድስት ወር ያልተጠናቀቀ ነገር እንደተጠናቀቀ ተቆጥሮ ሲመረቅ ማየት ለሌላው ዓለም ብርቅ ይሆናል፤ እኛን ግን አላስቸገረንም፤ ለምደነዋል። የመንደራችን እናቶች ግን ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። እኛ አላልንም፤ እናቶች ናቸው። ከአግዳሚው አንዱ ደግሞ እንዲህ ሲል ሰማነው፤ ማን እንደሆነ አላየንም፤

ስሙን ቢለውጠው፣ ያው ሆኖ ጨዋታው፣
ስንገዛ ኖረናል፣ አይጠፋንም ዋጋው።

አማራጭ የለም እንዳይባል ተፎካካሪያችሁም አለ። ኢኤ ስፖርትስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» ሲለው የኖረውን ጨዋታ በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ብሎታል። ስለዚህ ምርጫችን ሰፊ ነው፤ ስሙን ከቀየረውና ስሙን ከቀየረው የወደድነውን መምረጥ እንችላለን።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ ነጻነቱ ነው። ድሮ ሲዲ ገዝተን ቤታችን እናስገባለን፤ ከዚያ ወዲያ የኛ ነው። ኩባንያው ቢከስር፣ ቢቀና፣ ቢቆጣ ሲዲው ከመሳቢያችን አይወጣም። አሁን ጨዋታው በነጻ ሆነ፤ የሚሸጠው ተጫዋቹ ነው። እሱም ቢሆን በፓክ ተሸፍኖ፣ ማን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ። የብሔራዊ ሎተሪ አዟሪ እንኳ ዕጣው የሚወጣበትን ቀን ከቲኬቱ ላይ ያሳይሃል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 የዚህን ዓይነቱን ሽያጭ ቁማር ነው ብላ ፈረጀችው፤ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጡን አቆመ። ቤልጂየሞች ትዕግሥት የላቸውም። እኛ አለን። የዚያ አግዳሚ ሰው ግን እንደገና፦

ነጻ ነው ተባለ፣ ገባን ተማምነን፣
ጨዋታው ሲጀመር፣ ኳሱ እኛው ሆነን።

አራተኛ፣ ስለ መስመሩ። ስልክ ላይ ያለው ኢፉትቦል ያለ ኢንተርኔት በሩን አይከፍትም። ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛውን እንኳ ለመግጠም መጀመሪያ ሩቅ ካለው ማዕከል ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን አሠራር ያወጣው ሰው ወለጋን ሳያውቅ አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በነዚያ ወራት ጊምቢና ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ ያለ ዘመድን ድምፅ ለመስማት መኪና የሚሄድ ሰው መፈለግ ግድ ነበር። የተገለበጠው ፒኤስ 2 ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራ ነበር። ይህን ጉድለቱን አይታችሁ አርማችኋልና እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ መስመር ሲጠፋ ጨዋታም አብሮ ይጠፋል።

መስመር ባለ ቀንም ቢሆን በየሳምንቱ ሐሙስ ለጥገና ትዘጋላችሁ። ጥገናውን እንወዳለን። ከጥገናው መልስ ጨዋታው ሲከፈት አንዳንዴ ረጅም ውል ይመጣል፤ ከግርጌው «ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ያልተስማማ ሰው መብቱ ነው፤ ይወጣል። አንብቦ የጨረሰ ሰው ከነቀምቴ እስከ ሻምቡ ጠይቀን አጣን፤ ያልተስማማ ሰውም አጣን። እንዲህ ያለ ሙሉ ድምፅ የትም አይገኝም።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ ጨዋታችሁ በዓለም ላይ ከ700 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደወረደ ማስታወቃችሁን ሰምተን ኮርተናል። እኛም ከቁጥሩ ውስጥ አለንበት። አውርዶ ስልኩ አልችል ያለው፣ ፓኬጁ መሀል ላይ ያለቀበት፣ አንድ ቀን ተጫውቶ ያጠፋው፣ ታናሽ ወንድሙ ሳያስፈቅደው የጫነበት፣ ሁሉም ተቆጥሯል። አደባባይ የተገኘ ሁሉ ደጋፊ አይደለም የሚሉ ክፉዎች አይጠፉም። ደግሞም አሉ፤ አንዱ ሦስት ለባዶ ሲመራ በረኛው ድንገት እጁ ይዝላል፣ ተከላካዩ ይተኛል፣ ዳኛው ፊሽካውን ይረሳል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከጨዋታው በፊት ተጽፏል የሚሉ። ይህን ጥርጣሬ በተፎካካሪያችሁም ላይ ያነሱታል። እኛ አላልንም። እኛ የምንለው ማን እንደሚያሸንፍ እያወቅንም ሰልፍ መያዛችን እንዲመዘገብልን ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ባለሙያን ስለ ማክበር። ሂዲዮ ኮጂማ ሜታል ጊር የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀምሮ ቤታችሁን በዓለም ያስጠራ ሰው ነው። በ2015 ተለያያችሁ፤ ስሙም ከጨዋታው ሽፋን ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጨዋታው በዘ ጌም አዋርድስ ሲሸለም ሠሪው እንዳይገኝ በጠበቃ እንደተነገረው የመድረኩ አዘጋጅ ለተሰብሳቢው ገለጸ። በዓመቱ ሜታል ጊር በቁማር ማሽን ላይ ብቅ አለ። ቤቱን የሠራ ሰው በምረቃው ቀን ከበር ሲመለስ እዚህ አገር ብቻ የሚሆን ይመስለን ነበር። ጃፓንም እንዲያ ከሆነ እኛም ሠልጥነናል ማለት ነው፤ ተጽናንተናል።

ስድስተኛ፣ ስለ ተስፋው። ማስተር ሊግ በአዲሱ ጨዋታ ውስጥ በኋላ፣ በክፍያ ይመጣል ብላችሁ ነበር። ቀጠሮው ከዓመት ዓመት ሲገፋ ኖረ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም፤ ላሟ የካስቶሎ መሆኗን ለማስታወስ ነው። እሱም ከታች ለመነሳት እስከ ዛሬ ተራ እየጠበቀ ነው፤ እንደኛ።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ አንዲት ጥያቄ አለችን። በጌም ቤታችን ግድግዳ ላይ በካርቶን ቁራጭ የተጻፈ ሕግ ተሰቅሏል፦ «ተሸናፊ ይከፍላል። ተሸናፊ ይነሳል።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ማሻሻያ ተደርጎባት አያውቅም። ነቀምቴም፣ አርጆም፣ ጊምቢም ሕጉ ይኸው ነው። ዘር አይጠይቅም፣ ሃይማኖት አይጠይቅም፣ የማን ልጅ ነህ አይልም። የባለቤቱ ልጅ ተሸንፎ አልነሳም ካለ አግዳሚው በሙሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮኻል፦ «ካኢ! ተነስ!» ልጁ ፊቱ ቢቀላም ይነሳል። ጆይስቲኩን ሰብሮ የሄደ የለም፤ ነገ ተራው እንደሚመለስለት ያውቃላ። ወንበሩ የሚከበረው ለዚህ ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ አሸንፎ የተቀመጠ ስለሆነ።

እናንተ ስትሸነፉ ግን የምንከፍለው እኛ ነን። የምትነሱበትንም ሰዓት ውሉ ውስጥ ፈልገን አጣነው፤ ምናልባት አንብበን ስላልጨረስን ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ነቀምቴ ጎራ እንድትሉ በትሕትና እንጠይቃለን። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት እናስጎበኛችኋለን፤ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ቤተ መንግሥትም ሙዚየም የሚሆንበት ቀን እንዳለ ታያላችሁ። ከዚያ ጌም ቤት ገብተን እንገጥማለን። ዳኛ አያስፈልግም፤ አግዳሚው በቂ ነው። ካሸነፋችሁ ወንበሩ የናንተ ነው፤ እስከፈለጋችሁት ተቀመጡ፤ ቡናም እኛ እንጋብዛለን። ከተሸነፋችሁ ካርቶኑ ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሏል።

ከሰላምታ ጋር
ተራ ጠባቂዎቹ
ነቀምቴ

ግልባጭ፦
ለጊምቢ፣ ለነጆ፣ ለመንዲ፣ ለሻምቡና ለደምቢ ዶሎ ተራ ጠባቂዎች
ለካስቶሎ
ይመለከተናል ለሚሉ ሁሉ፣ በተቀመጡበት