ለቶዮታ ሞተር ኮርፖሬሽን የቀረበ የምስጋና ደብዳቤ

ለ፦ ቶዮታ ሞተር ኮርፖሬሽን
ቶዮታ ከተማ፣ አይቺ፣ ጃፓን

ጉዳዩ፦ ዘይት ስለሚበላው ሞተራችሁ

ክቡራን፣

ይህ ደብዳቤ የወቀሳ አይደለም። ቶዮታን መውቀስ በእኛ ዘንድ ቤተ ዘመድ የሚያስቆጣ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው የሌላ ፋብሪካ ስም ከጠራ፣ አጎቱም ጎረቤቱም "መለዋወጫውን ከየት ልታመጣ ነው? ነገ ስትሸጠውስ ማን ይወስድልሃል?" እያሉ እንቅልፍ ይነሱታል። ይህን ምክር እየሰማ ያደገ ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ ገብቶ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ምን እንደሚገዛ መገመት አያስቸግርም። ካምሪ። ብቻውንም አልነበረም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ2002 እስከ 2016 ድረስ፣ 15 ዓመት በተከታታይ፣ ካምሪን በሽያጭ ከአውቶሞቢሎች ሁሉ አንደኛ አድርገውላችኋል። (ዓመቶቹን ለእናንተ እንዲመች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህን ሁሉ ሕዝብ ተጋፍቼ ቶዮታን የምወቅስበት ድፍረት የለኝም። የመጣሁት ላመሰግን ነው።

ምስጋናዬ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ለሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተራችሁ ነው። ሰውዬው በወረቀት ሲታይ እንከን አይወጣለትም። 2,362 ሲሲ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 88.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 96 ሚሊ ሜትር። አሥራ ስድስት ቫልቭ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት፣ የመግቢያ ቫልቮቹን ጊዜ እንደ አነዳዱ የሚያስተካክል ቪቪቲ-አይ፣ በየጊዜው ይቀየር የማይባል ሰንሰለት። በ2007ቱ ካምሪ ላይ 158 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ብሎኩ አልሙኒየም ነው፣ ሲሊንደሮቹ በስስ የብረት እጀታ የተለበጡ ናቸው። መንገድ ላይም ቢሆን አይታማም፤ ድምፁ ልዝብ ነው፣ ዳገት አያስለምነውም፣ ቤንዚን በማባከን አይጠረጠርም። የሚያባክነው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭራሽ ዘይት ማባከንም አያውቅም ነበር። ያኔ አመሉ ቡሎን መልቀቅ ነበር። ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር ከሚያስሩት ቡሎኖች በኋላ በኩል ያሉት ሦስቱ፣ የአልሙኒየሙን ጥርስ ይዘው ይነቀሉና ውሃው ከሞተሩ ጀርባ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። ከጀርባ ስለሆነ ከፊት የቆመ ሰው አያየውም። ውሃ ይጎድላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባለቤቱ ራዲያተሩን ያስጠግናል፣ እንደገና ይጎድላል። ኋላ ላይ ጥርሱን አስረዘማችሁና የቡሎኑ ነገር ቀረ። ሞተሩ ግን ያለ አመል መኖር ስላልፈለገ መሰለኝ፣ የቡሎኑ ሲቀር የዘይቱ መጣ።

ፒስተኑን ከከበቡት ሦስት ፋሻዎች የታችኛው ሥራው አንድ ነው፤ ሲሊንደሩን ያራሰውን ዘይት እየጠረገ በፒስተኑ ቀዳዳዎች አሾልኮ ወደ ታች መመለስ። ከ2006 እስከ 2009 ገደማ በወጡት ብዙ ሞተሮቻችሁ ላይ ግን ካርቦን ይጋገርበትና ቀዳዳው ይደፈናል፣ ፋሻው ቦታው ላይ ይጣበቃል። ያልተጠረገው ዘይት ወደ ላይ አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። እዚህ ላይ ጨዋነታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም። ሌላው ሞተር ዘይት ሲበላ ሰፈር ሙሉ ሰማያዊ ጭስ ለቆ ባለቤቱን ያዋርዳል፤ የእናንተው ብዙ ጊዜ አያጨስም፣ መሬት ላይም ጠብ አያደርግም። በልቶ አፉን ጠርጎ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልግባ። እናንተ ችግሩን አልካዳችሁም። በ2011 ለሜካኒኮቻችሁ የቴክኒክ ማሳሰቢያ ላካችሁ፣ በ2015 ደግሞ አሜሪካ ላሉ ባለቤቶች ዋስትናውን አራዘማችሁ። በመጀመሪያው ዙር ማይል ሳትቆጥሩ ተቀበላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ቀድሞ የደረሰው። (ታክሲ ነጂ ዘንድ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አትጠይቁ።) ታዲያ ፒስተንና ፋሻው በነጻ እንዲቀየርለት መኪናው ፈተና ማለፍ፣ ይቅርታ፣ መውደቅ ነበረበት። ዘይቱ በልኩ ይሞላል፣ ባለቤቱ 1,200 ማይል ነድቶ ይመለሳል። ሞተሩ ከ1 ኳርት በላይ ከበላ ታሟል ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ባለቤቱ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

1 ኳርት ከአንድ ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው፣ 1,200 ማይል ደግሞ ወደ 1,930 ኪሎ ሜትር። እስቲ በዚሁ በእናንተ ሚዛን እንቁጠር። የእነዚያ ዓመታት ካምሪ ዘይቱ የሚቀየረው በየ5,000 ማይሉ ነበር። ሞተሩ ከነፊልትሮው 4.5 ኳርት ይይዛል። በ1,200 ማይል 1 ኳርት ልትበላ ጥቂት የቀራት መኪና፣ ማለትም ጤነኛ ተብላ የተሸኘችው፣ 5,000 ማይል ስትሞላ ከአራት ኳርት በላይ ልትጨርስ ትችላለች። ባለቤቱ መሐል ላይ ካልጨመረላት፣ ለቅያሪ ስትመጣ ሆዷ ውስጥ የሚቀረው አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ ቢሞላ ነው። ሜካኒኩ የድሮውን ዘይት ሊያፈስ ዕቃ ሲደቅን የሚወርድለትን አስቡት። የሚፈስ ነገር ሳይኖር ዘይት የሚቀየርላት ጤነኛ መኪና ከእናንተ በቀር ማን ይሠራል? "ጤነኛ" የሚለውን ትርጉም በማስተማሪያ መጻሕፍቱ ላይ ማረም የሐኪሞቹ ፈንታ ነው።

ያም ሆኖ መኪናዋ እስከ ቅያሪው ላትደርስም ትችላለች፤ ከዚያ በፊት ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። "ቀይዋ የዘይት መብራት እያለች እንዴት?" የሚል ይኖራል። ቀይዋ መብራት ግን ግፊት እንጂ መጠን አትለካም። ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቶ አየር መሳብ ሲጀምር፣ በተለይ መኪናው ሲታጠፍ ብልጭ ትልና መልሳ ትጠፋለች። ሹፌሩም መብራቷ ስለጠፋች ደስ ብሎት ጉዞውን ይቀጥላል።

መጠኑን የሚያውቅ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ያቺ የዘይት መለኪያ ዘንግ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ዘንጓን መዞ በሶፍት ጠርጎ፣ እስከ መጨረሻዋ መልሶ ከትቶ፣ እንደገና መምዘዝ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሐል ከሆነ እሰየው። ታመመ ያላላችሁት ሞተር ላይ ግን ከታችኛው ምልክት በታች፣ ጫፏ ላይ ብቻ፣ ጥቁር ነገር ተለቅልቆ ይታያል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የማይሠራውም በስንፍና አይደለም፤ በእናንተ ስም ነው። ቶዮታ የገዛ ሰው ኮፈን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም ተብሎ ለስንት ዘመን ተነግሮታል። ደካማ ስም ያለው መኪና የሚነዳማ በየሳምንቱ ዘንጓን ስለሚመዝ ሞተሩ ይተርፋል። ዝናችሁ ሰው ሞተሩን ሳያይ እንዲነዳ አስተምሮ፣ ሲበላ የማይታይ ሞተር ሠርታችሁ ሰጣችሁት። ይህን ያህል የተናበበ ሥራ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሲገኝ ማመስገን ይገባል።

የእኛን አገር ነገር ሳላነሳ ብቀር ቅሬታ ይሆናል። ያው ሞተር በራቭ-4 ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ይዞራል። የተራዘመው ዋስትና ለአሜሪካ ነበርና እዚህ የሚሠራው የሰፈሩ መድኃኒት ነው፤ "ወፍራም ዘይት አድርግበት"። ለቀጭን ዘይት የተሠራ ሞተር ወፍራሙን ሲጎርስ ለጊዜው ዝም ይላል። ሊሸጥ የወጣ መኪና ከሆነ ዝም ማለቱ ብቻ ይበቃል። ገዢው "ዘይት ይበላል እንዴ?" ሲል፣ ሻጩ ጥያቄው ራሱ እንዳስቀየመው ሆኖ "ቶዮታ እኮ ነው!" ይላል። ድርድሩ በዚህ ያበቃል፤ እናንተ ሳትከፈሉ ዋስ ትሆናላችሁ። በ2016፣ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለከለከለ ደግሞ ያሉት ይበልጥ ተወደዋል። እናንተ ከ2010ሩ ካምሪ ጀምሮ ይህን ሞተር አውጥታችሁ 2.5 ሊትሩን አስገብታችኋል። እኛ ጋ ግን ጡረታ የለውም። እነዚያ ስስ እጀታዎች እንደ ድሮው ሞተር እየሰፉ ወፍራም ፒስተን ይግባባቸው ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ የእኛ ሜካኒክ ግን ይህን ማን ነገረው? ያወርደዋል፣ ፋሻ ይቀይርለታል፣ ይሰቅለዋል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የሚናገር፣ በር ሲከፈት የሚጮህ፣ ቀበቶ ያላሰረን ሰው የሚነዘንዝ መኪና መሥራት አላቃታችሁም። ከዘይት ማጠራቀሚያው ሥር መጠኑን የሚለካ አንዲት ሴንሰር ብትጨምሩ ምናልባት ወጪው ከባድ ይሆንባችሁ ይሆናል፤ ስለዚህ አልጠይቅም። በመመሪያው መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ የሚያምረው ካምሪ ፎቶ ባለበት፣ በትልቁ "ኮፈኑን ክፈት" ብላችሁ ጻፉልን። ቀለም ርካሽ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሞተር ዘይት አስመጪዎችና አከፋፋዮች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት
ለሻጩ፣ ስለ ዋስትናው ያውቀው ዘንድ