ምስክር ይላክልኝ

ሐርጌሳ፣ በፍልሰታ ጾም

ይድረስ ለእማዬ፣ ለጋሽ ሻምበል፣ ለአክስቴ፣ እንዲሁም ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ ለምታነቢላቸው ለእህቴ። እህቴ፣ አደራ፣ ስለ አንቺ የተጻፈው ቦታ ስትደርሺ እንደ ባለፈው ሳል ይዞሽ እንዳታልፊው። አክስቴ ፊትሽን እያየች ነው።

አክስቴ፣ «ሐርጌሳ ደግሞ ውጭ አገር ነው እንዴ? ጅጅጋን አለፍ ብሎ አይደል?» ማለትሽ ደርሶኛል። የጎረቤታችን ልጅ ዳላስ የገባው በአውሮፕላን ተኝቶ ነው፤ እኔ ቶጎ ውጫሌ ላይ አቧራ ታጥኜ ነው ድንበር የተሻገርኩት። ባሕሩ የለም እንጂ ማዶነቱስ ማዶ ነው። የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ፓስፖርት፣ የራሱ ሽልንግ አለው። መንዛሪዎቹ ሽልንጉን መንገድ ዳር ከምረው ይቀመጣሉ፤ የሚነካባቸው የለም። ቲማቲም ሻጯ እንኳ ሒሳቧን በስልክ፣ በዛድ ነው የምትቀበለው። ሥራም አለ። ከለንደንና ከሚኒሶታ የሚመጡት ዲያስፖራዎች ቤት ይሠራሉ፤ ግንበኛው ያቆመውን እኔ በጀሶ አሳምራለሁ። በዚህች ከተማ በጀሶ የሚያማኝ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ችሎት ቆሜአለሁ። እማዬ፣ አትደንግጪ፤ ቁጭ በይ። ወንጀል አይደለም። ክርክሩ በቢዮንሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአከራዬ የኤዶ የእህት ልጅ ለዕረፍት ከለንደን መጥታለች። ከሻንጣዋ ፕሮጀክተር አወጣችና ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ እኔ የለሰንኩት ግድግዳ ላይ ዓይኗ አረፈ። ሐሙስ ማታ ነው፤ ነገ አርብ፣ ሥራ የለም። የሰፈሩ ሴቶች ፍራሽ፣ ምንጣፍና የሻይ ፔርሙዝ ይዘው መጡ። እኔ «እንግሊዝኛ ያውቃል» ተብዬ በአስተርጓሚነት ከፊት ተቀመጥኩ። የኔን ሶማሊኛ ታውቁታላችሁ፤ የለንደኗ ልጅ ሶማሊኛ ደግሞ ከኔ ይብሳል።

ፊልሙ «ሆምካሚንግ» ይባላል። ቢዮንሴ እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ በሚደረገው በኮቼላ ፌስቲቫል ያቀረበችውን ዝግጅትና ልምምዱን የሚያሳይ ነው፤ በዓመቱ በኔትፍሊክስ ወጣ። በዚያ ፌስቲቫል ዋና ዘፋኝ ሆና የቆመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ቀጠሮዋ ለ2017 ነበር፤ መንታ አርግዛ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ይህን ስተረጉም ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ማሻአላህ!» አሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቢዮንሴ የሰፈር ሰው ሆነች።

መጀመሪያ ያስቸገረን ሹራቡ ነው። ሴትየዋ ቢጫ ሹራብ ለብሳ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፤ እጇ ሳይወርድ ሹራቡ ሮዝ ይሆናል። ኤዶ ሻይዋን አስቀመጠች።

«መቼ ቀየረችው?»

አስረዳሁ። በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች ነው የዘፈነችው፤ አንዱን ቀን በቢጫ፣ ሌላውን በሮዝ፤ ከዚያ ሁለቱን ቀረጻ ገጣጠሙት።

«በሳምንቱ እጇን እዚያው ቦታ ላይ አነሳችው?»

«አዎ፣ ኤዶ። ወር ከወር ተለማምደውበታል።»

«አንተ የኔን ግድግዳ ሁለት ቀን ለስነህ የሁለት ሰው ሥራ አስመሰልከው» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ግድግዳው የኤዶን ምላስ ችሏል፤ እኔም ችያለሁ።

ባሏ ጄይ-ዚ ብቅ ሲል ሁሉም ጸጥ ብለው አዩት። አንዷ ብቻ፣ «እሷ ስትሮጥ እሱ ይራመዳል» አለች። ከዚያ በኋላ ስሙን ያነሳ የለም። እህቷ መጥታ አብራት ስትጨፍር ግን ጭብጨባ ሆነ። እህት ማለት እንዲህ ነው፤ እህቴ፣ ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ጠቡ የተነሳው በምግብ ነው። ቢዮንሴ ከወሊድ በኋላ ሰውነቷን ለመመለስ ምን ምን እንደተወች ትናገራለች፦ ዳቦ፣ ስኳር፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ መጠጥ። በመጨረሻም እንደራባት አልደበቀችም። አንድ በአንድ እየተረጎምኩ ሄጄ ዓሣው ላይ ስደርስ ኤዶ ጣቷን ቀሰረችብኝ። በፍልሰታ የወተት ሻይዋን ስመልስባት ትበሳጫለችና ዝርዝሩን በቃሏ ታውቀዋለች።

«ይህቺማ ሀበሻ ናት!»

እኔ ምን ልበል? ሰው በፈቃዱ የመሰከረልንን እምቢ ይባላል? «አዎን፣ የኛ ናት። ዳቦውንና ስኳሩን መተዋ ብቻ ከደንቡ በላይ ነው» አልኩ። ጋሽ ሻምበል፣ ይቅርታዎን፤ በዓሣው ነገር ቢዮንሴ ከአክስቴ ጋር ቆማለች። እርስዎና ጥብስዎ ብቻችሁን ቀርታችኋል።

የለንደኗ ልጅ ግን ከፍራሹ ብድግ አለች። «ሌሞኔድ» በተባለው የእ.ኤ.አ. 2016 ሥራዋ ላይ ቢዮንሴ የምታነበውን ግጥም የጻፈችው ዋርሰን ሺሬ ናት፤ ዋርሰን ሺሬ ደግሞ ለንደን ያደገች የሶማሌ ልጅ። ሶማሌ ፊት ግጥም ከተነሳ ክርክር አለቀ ማለት ነው። ሴቶቹ ሁሉ ከኔ ወደሷ ዞሩ። ቃሉ የኛ ከሆነ ሴትየዋም የኛ ናት ተባለ። ቅድም ሀበሻ ያለቻት ኤዶም ከዳችኝ።

እኔም የቤታችንን መድፍ ጎትቼ አወጣሁ። ቢዮንሴ መድረኩ ላይ የደረደረችው ምንድን ነው? የአሜሪካ ጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ማርሽ ባንድ። ጡሩምባ፣ ትሮምቦን፣ ከበሮ። ማርሽ ባንድን ወደ ዘፈን ያመጣ ማን ነው? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በናልባንዲያን እየተመሩ አዲስ አበባ ላይ ሲነፉ የቢዮንሴ አያት ገና ልጅ ነበረች ብዬ ማልኩ። (የቢዮንሴን አያት ዕድሜ ከየት አምጥቼ እንደማልኩ አትጠይቁኝ።) ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ። ጠዋት በሰልፍ የነፋው ሰው ማታ የፍቅር ዘፈን ያጅባል። ኮቼላ ያየው የኛን የድሮ ቅዳሜ ማታ ነው። አጎቴ ጋሽ ሻምበልም በፖሊስ ባንድ ትሮምቦን ነፊ ነበሩ ስል ደረቴን መታሁ።

«እስቲ ጡሩምባውን እንስማው» ብላ ልጅቱ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ከበሮው ተመታ፤ በደረጃው ላይ የተደረደሩት ልጆች ናሱን ወደ አፋቸው አነሱ። እዚያ ላይ የኮሪደራችን ቅዳሜ ድቅን አለብኝ፤ ጋሽ ሻምበል ያንኑ አንድ መስመር ደጋግመው ሲነፉ፣ እማዬ ከጓዳ «ኧረ ቡናው ፈላ፣ ይብቃዎ!» ስትል። በዚያ ቀን አንድም አማርኛ ከሰው አፍ አልሰማሁም ነበር። ሮቶው ሞልቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ ኤዶ ዓይኔን አየችው። «ጀሶ ገባብኝ» አልኳት። «የደረቀ ጀሶ ዓይን ውስጥ ዘሎ ይገባል እንዴ? ሥራህን ሳትጨርስ ነው ያስከፈልከኝ ማለት ነው» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ያለ ወተት።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው። በጩኸቱ ሊቆጡን ነው ብለን ሁላችንም ተነሳን። ልጅቱ ድምፁን ዘጋችው። ሽማግሌው ግድግዳውን በዝምታ አዩት፤ ወንበር ጠየቁ፤ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ለምን ዘጋችሁት? ጡሩምባውን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ነገሩ በዚያው ወደ ሽምግልና ተዛወረ። ልጅቱ ግጥሟን አቀረበች፤ እኔ ጾሙንና ናሱን አቀረብኩ። ሽማግሌው ሁለታችንንም እኩል አዳመጡ፤ ከመሃል አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠው ለጾሙ ስኳር እንኳ አይፈቀድም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ፣ «ከሁለታችሁ ወገን ሴትየዋን በዓይኑ ያየ አለ?» አሉ።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

«የኔ እህት አለች!» አልኩ። «ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሚሊኒየም አዲስ አበባ መጥታ ሚሊኒየም አዳራሽ ስትዘፍን እህቴ ነበረች።» ግቢው ተንጫጫ። የለንደኗ ልጅ ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ እውነት መሆኑን አየችና ዝም አለች።

«ምን ያህል ቀርባ አየቻት? ጥርሷ ይታያት ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

ምን ብዬ ልመልስ? በዚያው ሰሞን ቦሌ መንገድ ላይ ቆመሽ ድምፁን በግድግዳው በኩል እንደሰማሽ ነበር የነገርሽን። ከዓመታት በኋላ በሩ ላይ ደረስሽ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ውስጥ ገብተሽ ቆመሽ ነበር። እኔ ከቤት ስወጣ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠሻል። በዚህ አካሄድሽ እስካሁን መድረክ ላይ ሳትወጪ አልቀረሽም ብዬ «በደንብ ይታያት ነበር» አልኩ።

«ማስረጃ ማለት በእጅ የሚያዝ ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1988፣ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚሁ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የራዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የዘፈን ክሮችን መሬት ቆፍረው እንደቀበሩ ነገሩን። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ሚግ ዛሬ መሃል ከተማ ሐውልት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሰላም ሲሆን የተቀበረው ወጣ፤ በሐርጌሳ የባህል ማዕከልም ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበዋል። «ካሴቱ ባይኖር ዘፋኟ ማጎል እንዲህ ትዘፍን ነበር ብል እነዚህ ልጆች ያምኑኛል?» አሉ። ኤዶም ያኔ ወደኛ ሸሽታ ሃርቲሼክ ካምፕ እንደኖረች በዚያው ማታ ነው የሰማሁት። ስደትን ታውቃለችና ኪራይ ትቀንሳለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልተቀነሰም።

ፍርዱ ይህ ነው። ቃሉ የሶማሌ፣ ጡሩምባውና ረሃቡ የሀበሻ። ሴትየዋ ራሷ ግን ያያት ምስክር እስኪቀርብ በይደር ትቆያለች። ባልየውን የፈለገው ወገን አልነበረም። ቀጠሮው ለሚመጣው ሐሙስ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ሻምበል፣ ያ ደንብ ልብስዎን ለብሰው ትሮምቦኑን የያዙበት ፎቶ፣ ከሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው፣ መስታወቱ ተጠርጎ ይነሳና በቴሌግራም ይላክልኝ። እማዬ ከጎን ስትስቅ የምትታየውን እንዳትቆርጡት። እህቴ፣ የ2000ውን ትኬት ፈልጊ፤ ፊቱንም ጀርባውንም አንሺው። ትኬቱ ከሌለ ደግሞ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ከጎንሽ ተቀምጦ የነበረውን ሰው እስከ ረቡዕ አግኝተሽ ቃሉን በድምፅ ቅጂልኝ። ሽማግሌው አማርኛ ይሰማሉ፤ ጥንቃቄ ይደረግ።

ልጃችሁ