ስኳር ያለበት ልጅና ጃኬት ጥበቃ

ሯጮቻችን ሜዳሊያ ሲያገኙ አደባባይ ወጥተን እንጨፍራለን። አንድ ልጅ ስኳር አለበት ሲባል ግን አስቀድመን የምንከለክለው ሩጫ ነው። ኢንሱሊኑ ገና ፍሪጅ ሳይገባ አጎት፣ አክስትና ጎረቤት ተሰብስበው ይወስናሉ፦ «እንዳይሮጥ! ይወድቃል!» ትምህርት ቤቱም ውሳኔውን ያጸድቃል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሌላው ኳስ ሲያባርር እሱ የጓደኞቹን ጃኬት ይጠብቃል።

እናትየዋ ደግሞ የራሷ ክስ አለባት። «ከረሜላ አብዝተሽበት ነው» ትባላለች። ዓይነት አንድ ስኳር የሚመጣው የገዛ ሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋቸው ነው፤ ከረሜላ በዚህ ወንጀል እጁ የለበትም። ግን ለቅሶ ቤት በመሰለው ቤት ተቀምጦ ይህን ማን ያስረዳል?

ፈሪዎቹ ጨርሶ አልተሳሳቱም። ሩጫ ላይ ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ ሲወርድ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ራስ ያስታል። የዘነጉት የደም ሥሩን ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ሥሩንም ያገትረዋል። ዓይነት አንድ ያለባቸውን አዋቂዎች ከሁሉ በላይ የሚገድለውም የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ደሙ ፈጠን ብሎ እያለፈ ሽፋኑን ያሸዋል፤ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቅና ሥሩ ዘና ብሎ ይሰፋል። የዚህን ጋዝ ሥራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመዋል። ወሬው ጃኬት ጠባቂው ዘንድ ገና አልደረሰም።

ጋሪ ሆል ጁኒየር የተባለው አሜሪካዊ ዋናተኛ ዓይነት አንድ እንዳለበት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዓመቱ በኦሎምፒክ ሲድኒ ላይ፣ በ2004 ደግሞ አቴንስ ላይ በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ ወሰደ። እኛ ሰፈር ቢሆን ፎጣ ጠባቂ ነበር።

ከእገዳው የተፈታው ወጣት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለእሱ በመቀመጥና ነፍስ በማውጣት መካከል ስፖርት የለም። መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው እያወሩ ሊሠሩት የሚቻል፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይተርፍበት ነው። እንጦጦ ላይ የማያቸው ጋሼዎች ሽቅብ እየወጡ ሙሉ የፖለቲካ ትንታኔ ይሰጣሉ፤ ትንፋሽ ካጠራቸውም እርምጃውን ያቆማሉ እንጂ ትንታኔውን አያቆሙም። የጂሙ ጎረምሳ በበኩሉ ካላስታወከ ስፖርት የሠራ አይመስለውም።

ለደም ሥሩ መካከለኛውም ብርቱውም ይጠቅማል። ስኳሩ ግን የሰውን ግምት አያከብርም። ሶምሶማ ያወርደዋል፤ አጭርና ብርቱ ሩጫ ደግሞ አድሬናሊን ጉበትን «ያለህን ስኳር አውጣ» ስለሚለው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ድራማው እዚህ ላይ ነው። ጎረምሳው 130 የነበረው ስኳሩ ከሩጫው በኋላ 210 ሲሆንበት መጀመሪያ መለኪያውን ይረግማል፣ ከዚያ ሌላ ጣቱን ይወጋል፣ በመጨረሻ ተናዶ ኢንሱሊን ይጨምራል። ጡንቻው ግን የተጠቀመበትን ስኳር ለመተካት ከደሙ ሲስብ ያድራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቆ ይነሣል። ቤተሰቡም ይህችን ሌሊት ሲጠብቅ ኖሯል፦ «አላልንህም?»

የባለሙያዎቹ ምክር ለአዋቂዎች በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ፣ በተከታታይም ከሁለት ቀን በላይ አትቀመጡ ነው። እኛ የዓመቱን ዕዳ በኅዳር በአንዲት እሑድ፣ በታላቁ ሩጫ እንዘጋለን። ሩጫው 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከነጭፈራው 150 ደቂቃ ሊሞላም ይችላል።

በአንዱ ዓመት የሩጫውን ቲሸርት የለበሰ አንድ ልጅ እየተንቀጠቀጠ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ጣቱን ወግቶ ለካ፤ 62። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ። ልክ ነው፤ ከ70 በታች ሲወርድ የሚታዘዘው 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው። አጠገቡ የቆሙ አንዲት እናት ግን መለኪያውን አይተው ደነገጡ። «ስኳር እያለብህ ከረሜላ?!» ብለው ከእጁ ነጠቁት። ከዚያም ከቦርሳቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን የአብሽ ውሃ አወጡና «ይልቅ ይኼን ጠጣ የኔ ልጅ፤ ስኳር በማውረድ የሚያህለው የለም» አሉት።