ዝዋይ ላይ የተፈተለ ክር

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ዋና ጠላቱ ዓሣ አይደለም፤ የመኪና በር ነው። ዓሣ የሚጎትተው ዘንጉ እንዲለመጥ ተደርጎ በተሠራበት አቅጣጫ ነው። በር ግን ከጎን ይመጣል፤ ሳያስጠነቅቅ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ይዘጋል። የካርቦን ዘንግ ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲያለምጡት ጀግና፣ ሲጨፈልቁት ምስኪን ነው።

ስድስት ኪሎ ሲያስተምሩ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡት መምህር ይህን የሚያውቁበት አጋጣሚ አልነበራቸውም። ዘንጉን የላከላቸው ቨርጂንያ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ነው። ለሁለት የሚከፈል፣ ሲጋጠም 2 ሜትር ከ40 የሚሆን የካርቦን ዘንግ፣ ከነክር ማጠንጠኛው። ለምን እንደላከው ግልጽ ነው፤ ጡረተኛ ቤት ሲውል ስልክ ያበዛል።

ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለሚያደርጉት የማጥመድ ጉዞ ዋዜማ መምህሩ ዘንጉን ሳሎን ውስጥ ገጣጠሙት። ባለቤታቸው አዩት፤ ጎረቤት አየው፤ የጎረቤት ልጆች ተራ በተራ ነኩት። ማታ ሊያላቅቁት ሲሉ ግን እምቢ አለ። በነጋታው ከነቁመቱ ይዘውት ወጡ።

የካቲት 12 አደባባይ ታክሲ ሲጠብቁ ስለ ዘንጉ አስተያየት ያልሰጠ ሰው አልነበረም። አንዱ የዲሽ አንቴና ነው አለ። አንዲት ሴት የመጋረጃ ዘንግ መስሏት የት እንደተገዛ ጠየቀች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ እየሮጠ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዝቅ ያድርጉት! ላይ ሽቦ አለ!» አለ። ቁም ነገር የተናገረው እሱ ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ብዙ አምራቾች ከኤሌክትሪክ መስመርና ከመብረቅ አርቁት የሚል ማስጠንቀቂያ ከእጀታው በላይ የሚጽፉትም ለዚህ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ የሚወርደው ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ዘንጉን ከታች እስከ ላይ አየና ውሳኔውን አሳወቀ።

«ጋሼ፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ።»

«የሰው ቦታ አልያዘም እኮ!»

«ቦታስ አልያዘም፤ ሰው አስፈራርቷል።»

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ ቆጣሪ ሚኒባሱ ውስጥ የለም። የሚያስቀው ነገር የዓሣ ማጠንጠኛና የታክሲ ቆጣሪ ከአንድ ፋብሪካ የወጡበት ዘመን መኖሩ ነው። አቡ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1921 እ.ኤ.አ. ስቫንግስታ በምትባል ከተማ ሲመሠረት ሥራው ሰዓት ነበር። ቀጥሎ የታክሲ ቆጣሪ ሠራ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆጣሪውን ገበያ ሲያቀዘቅዘው፣ ትንንሽ የማርሽ ጥርስ መቁረጥ የለመዱት ባለሙያዎቹ ወደ ዓሣ ማጠንጠኛ ዞሩ፤ ስሙ በዓለም የናኘውም በዚሁ ነው። ረዳቱ ግን ታሪክ የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀብሎ በሩን ድርግም አደረገው። የዘንጉ ጫፍ በመስኮት ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። ከታች በኩል ያለው፣ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ግን ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨ፤ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ማንም ልብ አላለውም።

ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ይዞ የጠበቃቸው የጉዞ ጓደኛቸው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። መምህሩ ለዓመታት የለበሱት ጋቢ የእሱ እጅ ሥራ ነው። የጋሞ ሰው ይሁን እንጂ ያደገው ጨንቻ ደጋ ላይ በመሆኑ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች የሚያውቃቸው ከላይ ሆኖ በማየት ነው። ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ክር ግን ያውቃል።

ቃሊቲ መናኸሪያ ሲደርሱ የመጀመሪያው ችግር፣ የዘንጉ አለመላቀቅ፣ በእሱ ተፈታ። መምህሩ ዘንጉን ቀለበቶቹን ጨብጠው ሊጠመዝዙት ሲሉ ከለከላቸው፤ ቀለበት እንደ መያዣ ሲጎተት ከነማሰሪያው ይነቀላልና። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፤ ሌላውን ለመምህሩ ሰጠ፤ ፊት ለፊት ቆመው ቀጥ አድርገው ሳቡ። ተሳፋሪው ጠብ መስሎት ሊገላግል ሲሰበሰብ ዘንጉ ድንገት ተላቀቀና ሁለቱም ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። መጋጠሚያውን ከመግጠም በፊት በሻማ ትንሽ ማሸት ይህን ሁሉ ትርኢት ያስቀራል። ከዚያም ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቁራጭ የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ገዝተው ሁለቱን ክፍሎች ከተቱበት። ከዚህ በኋላ የቧንቧ ሠራተኞች መሰሉ፤ ሒሳብ የጠየቀም አንቴና ያለም የለም። ለዘንግ ከዚህ የረከሰና የተሻለ ማኅደር አይገኝም።

በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በመቂ አድርገው ዝዋይ ገቡ፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆሮሶ፣ አምባዛና ከውጭ የገባው ካርፕ ይገኝበታል። ዳር ዳሩን አባ ኮዳዎች የዓሣ አጥማጆቹን ትርፍራፊ እየጠበቁ ተኮፍሰው ቆመዋል። መምህሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሊገቡ ሲሉ የአገሩ ሰዎች መለሷቸው፤ ውኃው ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጣውላ መሻገሪያው ላይ ሆነው ትል ሰክተው ወረወሩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አምባዛ ያዘ። የማጠንጠኛው ፍሬን፣ ማለትም ዓሣ ሲበረታ ክሩን እያንሸራተተ የሚለቀው ክፍል፣ ሥራውን ጀመረ፤ ዝዝዝ እያለ ክሩ ወጣ። መምህሩ ክሩ ሲወጣ ንብረታቸው የሚወጣ መሰላቸውና እጀታውን በኃይል ማዞር ያዙ። ዓሣው ይስባል፤ እሳቸው ያዞራሉ፤ ክሩ መውጣቱን ቀጥሏል። ሸማኔው ጥቂት ተመለከተና በእርጋታ ተናገረ።

«መምህር፣ እየሳቡት አይደለም፤ እየፈተሉት ነው።»

በትክክል እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነቱ ማጠንጠኛ ላይ ክሩ የሚጠቀለልበት ባቢና በራሱ አይዞርም፤ ዙሪያውን የሚዞረው ክንፍ ነው ክሩን የሚጠመጥምበት። ዓሣው ክር እየወሰደ እጀታው ከዞረ ክንፉ የሚሰበስበው ነገር ስለሌለ ክሩን ብቻ ያከርረዋል። የጥርሶቹ ምጥጥን 5 ለ 1 ከሆነ እጀታው አንዴ በዞረ ቁጥር ክሩ አምስት ጊዜ ይከርራል። ሸማኔው ይህን ለመረዳት መመሪያ አላስፈለገውም፤ ባለቤቱ በእንዝርት ስትፈትል በየቀኑ ያያል። አምባዛው መንጠቆውን ተፍቶ ሲሄድ የላላው ክር በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ቋጠሮ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዝዋዩ ድር ግን ያሰረው የስድስት ኪሎውን የአንበሳ ግቢ ጎረቤት፣ መምህሩን ነበር።

እንዲያውም ይህ ዓይነቱ ማጠንጠኛ የተወለደው ከፈትል ቤት ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ፣ እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ውስጥ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ፈትሉ ከማይዞር ባቢና ጫፍ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ አይቶ ለዓሣ ክርም እንዲሁ ቢሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ በፊት በነበሩት ማጠንጠኛዎች ከባዱ ባቢና አብሮ መዞር ስላለበት ቀላል ማጥመጃ አርቆ መወርወር አስቸጋሪ ነበር።

ቋጠሮውን ሸማኔው ፈታው፤ የቀረውን ሥራም ድር እንደሚያደራ ሰው ሠራው። መንጠቆውንና እርሳሱን ቆረጠ፤ ክሩን መስክ ላይ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው፤ ጫፉ ነፃ ሆኖ እየተሽከረከረ ክርረቱ እንዲወጣለት ተወው። ከዚያ መምህሩ ሲጠቀልሉ እሱ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ መሐል እያሳለፈ አወጠረላቸው። የከበቡት ልጆች፣ «ለዓሣ ጋቢ ልትሠሩ ነው?» እያሉ ጠየቁ። ባቢናው እስከ ከንፈሩ ድረስ አልተሞላም፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ተተወለት። ከዚያ በላይ የሞላ ባቢና ክሩን በጥቅልል ይተፋዋል።

ፍሬኑም ተለካ። ደንቡ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ሲደርስ እንዲለቅ ነው። ክሩ 6 ኪሎ የሚችል ስለነበር ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው ጫፉ ላይ አንጠለጠሉና ጠርሙሱ ቀስ እያለ እስኪወርድ ፍሬኑን አላሉ። ከእንግዲህ ዓሣ ሲስብ እጀታው አይነካም፤ ሲደክም ዘንጉን ከፍ ማድረግ፣ ዝቅ እያደረጉ መጠቅለል ነው።

ከሰዓት በኋላ መዳፍ የምታህል አንዲት ቆሮሶ ተያዘች፤ ተመልሳም ተለቀቀች። የበሉት ጥብስ ባለመረቦቹ ካወጡት የተገዛ ነው።

ማታ ስድስት ኪሎ ሲደርሱ መምህሩ ዘንጉን ከበሩ ጀርባ አስደግፈው ሊተኙ ነበር፤ ሸማኔው አልፈቀደም። ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ፍሬኑን አጠበቁና ማጠንጠኛውን በስሱ በንጹሕ ውኃ አለቀለቁት፤ ቧንቧውን በኃይል ከፍቶ መርጨት አሸዋውን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። ከደረቀ በኋላ ፍሬኑን ፈጽሞ አላሉት፤ እንደጠበቀ የከረመ ፍሬን ውስጡ ያሉት ስስ ክፍሎች ተጣብቀው በሚቀጥለው ጉዞ ክሩን በመልቀቅ ፈንታ ያስበጥሰዋል። ለኩሽኔታው ጠብታ ዘይት፣ ለጥርሶቹ ጥቂት ግራሶ በቂ ነው።

በመጨረሻ ሸማኔው ከኪሱ ባዘቶ አወጣና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ዙሪያውን እያሸ አሳለፈው። ከጫፍ ጀምሮ ያለ ችግር መጣ። የታችኛው ቀለበት ላይ ሲደርስ ጥጡን ያዝ አደረገው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ክሩን በየጉተታው እየላጠ ያሳስተዋል። አምባዛው አልሰነጠቀውም፤ የሰነጠቀው ጠዋት የሚኒባሱ ወንበር ነው።

ቀለበቱ እስኪቀየር ዘንጉ ውኃ እንዳያይ ተወሰነ። ዘንግ ያላችሁ ሁሉ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ቀለበቶቹን በጥጥ ፈትሹ፤ ቤት ስትገቡ ፍሬኑን አላሉ፤ ታክሲ ከመሳፈራችሁ በፊት ደግሞ ለሁለት ከፍላችሁ ቱቦ ውስጥ ክተቱት። የሁለት ሰው ሒሳብም ይቀርላችኋል።