መቶ ዓመት ከሞላው ጡረታው ይከበርለታ!

«መቶ ዓመቱ ነው፤ ቅርስ ነው!» ይላሉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለ ፒያኖ የሚሸጡት ጋሼ።

መቶ ከሞላው ጡረታው ይከበርለታ፣ ጋሼ! ፒያኖ እንደ ቫዮሊን ስላረጀ አይወደድም። አሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት ከ300,000 በላይ ፒያኖ ያመረተችበት ጊዜ ነበር። የዚያ ዘመን የቁም ፒያኖ ዛሬም ሞልቷል፤ «ብቻ አንሱልኝ» ብሎ በነፃ የሚሰጠው ብዙ ነው።

«ስመ ጥሩው ስታይንዌይ እኮ ነው!»

ስሙን አነበብኩ፤ አሁን ድምፁን ያሰሙኝ። ክዳኑንም ይክፈቱና መለያ ቁጥሩን ልየው፤ የተሠራበት ዓመት የሚታወቀው በእሱ ነው።

«ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው።»

የምገዛው ዝሆን ነው ፒያኖ? የዝሆን ጥርስ ንግድ በሕግ ከተገደበ ወዲህ ለሻጭም ለገዢም ጣጣ ነው።

«ሃያ ዓመት ማንም አልነካውም።»

የፈራሁት ይኼንኑ ነው! ማንም ባይነካውም 230 ገደማ ሽቦዎች ከ15 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ሌት ተቀን ይስቡታል። በብርዱ ወራት ማሞቂያው እንጨቱን ያደርቀዋል፣ በሙቀቱ ወራት እርጥበት ያሳብጠዋል። ሽቦ የሚወጥሩትን ችንካሮች የያዘው ጣውላ ከተሰነጠቀ ደግሞ ዛሬ የቃኙት ነገ ይላላል። ያንን ማደስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ብዙውን ጊዜ ከፒያኖው ዋጋ ይበልጣል።

«መቃኘት ብቻ ነው የሚጎድለው።»

ያን ያህል ቀላል ከሆነ አስቃኝተው ይሽጡልኛ! «ብቻ» የምትለዋን ቃል እኔ ነኝ የምከፍላት። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ዕቃ በደረጃ የሚያወርዱት ሰዎችም በነፃ አይመጡም። ጥገናውንና ማጓጓዣውን ስቀንስ የቀረው ነው ዋጋው፤ ምንም ካልቀረም ዋጋው ምንም ነው።

«ለልጅ ማስጀመሪያ ይበቃል እኮ፣ ልጄ!»

እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ፤ ይኼ አባባል ያናድደኛል። አዋቂ የተበላሸ ድምፅ ሲሰማ ጆሮው ይቆረቁረዋል። ልጅ ግን የተበላሸውን ልክ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ የሚጣበቀውን ቁልፍ ሲታገል ደግሞ ጥፋቱ የጣቱ ይመስለውና ይተወዋል። ጀማሪ ከማንም በላይ ደህና ፒያኖ ያስፈልገዋል።

«እሺ፣ የማውቀው ቃኚ አለ፤ መጥቶ ይይልህ።»

እርስዎ የሚያውቁት የእርስዎን ይንገርዎት፤ እኔም የራሴን ከፍዬ አመጣለሁ። ያን ጊዜ በዋጋው እንነጋገር።