የማዶው መዝገብ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ወዲህ፣ ገበያው ከወንዝ ወዲያ የሆነ የአራዊት አገር ነበር። ወንዙ ክረምት ከበጋ አይጎድልም። ጤነኞቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ዋኝተውም ዘልለውም ይሻገራሉ። ዓይነ ስውሩ፣ እግሯ የተሰበረው፣ ጆሮው የማይሰማው ግን የሚያይ እያየ፣ የሚሰማ እየሰማ እዳር ላይ ይመሽባቸዋል።

አያ አንበሶ ይህን ሰምቶ አዘነ። (ልቡ ክፉ አልነበረም። አንበሳን ሁሉ ክፉ አድርገን መተረት የለመድነው እኛ ነን።) የማሻገሪያ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞ እሜቴ ጦጢትን ሾመ፤ ለታንኳ የሚሆን ደንገል፣ ለአሠልጣኞች ቀለብ፣ ለእሷም ማኅተም ሰጠ። ጦጢት በየዓመቱ ሰኔ ላይ መዝገቧን ገልጣ «አምና ሠላሳ፣ ዘንድሮ አርባ አሻገርን!» ትላለች፤ ጫካው ያጨበጭባል።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በስምንተኛው አንበሳን አንድ ነገር ከነከነው፦ ይህ ሁሉ ከተሻገረ፣ ገበያ ስወርድ አንድ እንኳ የሚያነክስ የማላየው ለምንድን ነው? ኤሊን አስጠርቶ ኦዲተር አደረጋት። ጦጢት ሳቋን ለቀቀችው፤ «ለየትኛው ዓመት ሪፖርት ልትደርስ ነው?» የኤሊን መንቀርፈፍ አየች እንጂ በየብስም በውኃም መሄዷን ልብ አላለችም።

ኤሊ መዝገቡን ተረከበች። እንከን የለውም፦ አርባ ስም፣ አርባ የጥፍር አሻራ፣ አርባ ሰርተፍኬት። ሌላ ኦዲተር ቢሆን እዚህ ላይ ፈርሞ ቡናውን ጠጥቶ ይሄድ ነበር፤ ስንቱ ይፈርማል። እሷ ግን ጠየቀች።

«ቆጣሪያችሁ የሚቆመው የት ነው?»

«ታንኳው የሚነሣበት ዳር ነዋ።»

«ማዶስ?»

«ለማዶ በጀት አልተያዘም።»

ከአርባው አሥር ስም በዕጣ አውጥታ ወንዙን ተሻገረች። አንዴ አይታም አልበቃትም፤ በመስከረም ሥራ ላይ ያገኘችውን በመጋቢት ተመልሳ ፈለገችው፤ በመስከረም ተቀጥሮ በመጋቢት የማይገኝ ብዙ ነውና።

ከአሥሩ አራቱን ታንኳው መሐል ወንዝ አድርሶ መልሷቸዋል፤ በመዝገቡ ግን ተሻግረዋል። ሁለቱ ማዶ ደርሰዋል፤ መውረጃው ገደል ስለሆነ እዚያው ተቀምጠው ውኃ ያያሉ። ሁለቱ ደህና ሠርተው ያድራሉ፤ ያስቀጠራቸው ግን ዘመድ ነው፣ ጽሕፈት ቤቱ ወሬያቸውንም አልሰማ።

ዘጠነኛዋ፣ እግሯ የተሰበረው ሚዳቋ፣ እሷም ሥራ ይዛለች። ቀኑን ሙሉ ቀይና ነጭ ጠጠር ትለያለች። ማታ አሠሪዋ ዝንጀሮ መልሶ ይቀላቅለዋል፤ ጠዋት እንደገና ትለያለች። ደመወዟ የሌላው ሩብ ነው።

«ሥልጠና ላይ ናት» አለ ዝንጀሮ።

«ስንት ዓመቷ?»

«ስድስት።»

ተጋነነ የሚለኝ አይጠፋም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2013 ሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ ያገኘው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ውስጥ ዕቃ ያሽጉ፣ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ ክፍያው በሰዓት ከ50 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር። ሲጨርሱ ብዙዎቹን የሚጠብቃቸው ያንኑ የመሰለ ሌላ አዳራሽ ነበር።

አሥረኛው ፍልፈል ነው፤ ኤሊን አብልጦ ያሳዘናትም እሱ። ዓይኑ አያይም፣ ስለዚህ ሰፌድ መስፋት አስተማሩት። ይህች «ስለዚህ» ናት ጉዷ! በዚያ አገር ዓይነ ስውር ሁሉ የሚማረው ሰፌድ ነው። ጥፍሩን አይቶ «አንተ ምን ትችላለህ?» ያለው አልነበረም። የሰፋው ሰፌድ ገዢ አጥቶ ተከምሯል።

የመውጫ ስብሰባ ተጠራ፤ ከአንበሳ አለት ራስ ላይ። ኤሊ መውጣት አቃታት፤ ሚዳቋዋም። ከግርጌ ሆና ግኝቱን ጮኻ አነበበች። ከላይ ጦጢት፣ «ከታንኳ ከወረዱ በኋላ ያለው የአሠሪው ጉዳይ ነው» ስትል ተሰማች። ዝንጀሮ ደግሞ፣ «እኔ የጠጠር ነጋዴ ነኝ፣ ምን አገባኝ?» አለ።

እዚህ ላይ ተረቴን ላቋርጥ። እኛ አገር «ምን አገባኝ» የሚባልበት በር በሕግ ተዘግቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ይከልል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568፣ ያ ክለላ «በችሎታቸው መወዳደር አይችሉም» የሚል ምስል ፈጥሯል ብሎ ሻረው። አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች አዘዘ፤ ክርክር ሲነሣም አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው አለ። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ ለመጻፍ ቀለም አያስፈልግም፤ ማዶ ወርዶ ጠጠሩን የሚያይ እንጂ።

ወደ አለቱ ልመለስ። ስብሰባው ለነገ ተባለና ተበተነ። ሌሊቱን ከግርጌ የሚጫር ነገር ይሰማ ነበር። ሲነጋጋ ከአንበሳ ዙፋን ሥር አፈሩ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ የፍልፈል አፍንጫ ብቅ አለ። ከኋላው ዳገቱን በቀስታ የሚያወጣ ሰፊ ጉድጓድ። በዚያ ሚዳቋዋ እያነከሰች ወጣች፤ ኤሊም መዝገቡን በጀርባዋ አዝላ ተከተለች።

አንበሳ ተገርሞ፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለው።

«ማንም ጌታዬ። ጠይቆኝም የሚያውቅ የለም።»

ጦጢት ግን መዝገቡን ከኤሊ ጀርባ ላይ መንትፋ፣ ገልጣ፣ ብዕሯን አንሥታለች። «ፍልፈል፦ የሰፌድ ሥልጠና ምሩቅ፤ በመንገድ ሥራ ተሰማርቷል። ይኸው ውጤት!»

ኤሊ አልመለሰችላትም። ቀስ ብላ መጥታ የፊት እግሯን መዝገቡ ላይ አሳረፈች፤ ኤሊ ደግሞ አንዴ ካሳረፈች ቶሎ አታነሣም።