ሰባ ዓመቱንስ የት አደረጋችሁት?

ሽማግሌ ሲያጉረመርም ዝም ብሎ መስማት ደግ ነው፤ ከተከራከሩት ይረዝማል። እናንተም ቡናችሁን ያዙና ስሙኝ።

ገና ሳይነጋ ስልኬ ትርር ይላል። የሞተ ሰው አለ ብዬ ደንግጬ፣ መነጽሬን በዳበሳ ፈልጌ ስከፍተው ጽጌረዳ ነው። ከጽጌረዳው በላይ ርግብ፣ ከርግቧ በላይ የፀሐይ ጮራ፣ ከሁሉም በላይ ኤርምያስ 29፥11። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው ክፉ ሳይሆን ሰላም እንደሆነ የሚናገረው ቃል። የላከችልኝ የልጅ ልጄ ናት። ፊቴን ሳልታጠብ ያንኑ ጥቅስ የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ይልከዋል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ይደግመዋል። ቃሉስ ቃለ እግዚአብሔር ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ያንገበገበኝ በቁጥር 10 ላይ የሚፈጸመው ግፍ ነው።

ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል! ኤርምያስ ያን ደብዳቤ ከኢየሩሳሌም የላከው ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን ላፈለሳቸው ምርኮኞች ነው። በዚያው ሰሞን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ፣ ሁሉ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል እያለ ሕዝቡን ሲያስፈነድቅ ነበር። ኤርምያስ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ፣ ገና ሰባ ዓመት አለባችሁ ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ሲነበብ ቁጭ ብለው ከሰሙት ሽማግሌዎች አገሩ የሚገባ አልነበረም ማለት ነው። ተስፋው የመጣው ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ታዲያ ጥቅሱን ዲቪ ሞልቶ ውጤት ለሚጠባበቅ ጓደኛዋ ላከችለት። «አሜን! ዘንድሮ ነው!» ብሎ መለሰላት። እኔም «ልጄ፣ ሰባ ዓመቱንስ?» ብላት፣ «አባባ ደግሞ! ሰው አያስጨንቁ» አለችኝ። ይኸው ነው፤ ሐናንያ ዛሬ ቢነሣ በቲክቶክ ስንት ተከታይ እንደሚኖረው አስቡት። ኤርምያስን ግን እኔና ጥቂት ጡረተኞች ብቻ እንከተለው ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ክንዱ ላይ ፊልጵስዩስ 4፥13ን የተነቀሰ ጎረምሳ አለ። ሁሉን እችላለሁ ማለቱ ነው። ምን ቻልክ ብለው፣ ጂም ቤት ያነሣውን የብረት ክብደት ነገረኝ። ጳውሎስ ያን ሲጽፍ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ቻልኩት ያለውም መራብንና ማጣትን ነው፤ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ቢወጡ እዚያው ተጽፏል። ግን አንድ ቁጥር ወደ ላይ ማን ይወጣል? ብረቱ ይቀላል።

እኛ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲህ አልነበርንም። ፊደል ቆጥረን፣ አቡጊዳውን ለይተን፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘን፣ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ እየተሻገርን፣ የኔታ ዘንድ አንዲት ቃል ብንዘል አለንጋው ራሱ ያስታውሰን ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር ከትቶ በትከሻው አንግቶ ሲሄድ ደጃዝማች ነው የሚመስለው። እርግጥ ነው፣ የደገምነው ግዕዙን ስለነበር አብዛኛው አይገባንም። እኛ ሳይገባን በቃላችን ይዘን አደግን፤ እነሱ ደግሞ ቢያነቡት ቁልጭ ብሎ የሚገባቸውን አያነቡትም። የትኛው እንደሚብስ ለእናንተ ልተወው፤ እኔ መልሱን አውቀዋለሁ።

ለመሆኑ ይህ መጽሐፍ በአማርኛ እጃችን እንዲገባ ምን እንደተለፋ የጠየቀ አለ? ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አሴሊን ደ ሼርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰው። ፈረንሳዊው ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ቁጥር በቁጥር፣ ዝግ እያሉ፣ ከዐረብኛው ያነባሉ። የከበደ ቃል ሲገጥም ዕብራይስጡና ሱርስቱ ይገለጣል። እንዲህ ሲሉ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቆዩ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ክምር ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፣ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሳተመው። ዐሥር ዓመት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ! የዛሬ ልጅ ማክሰኞ ቻምፒየንስ ሊግ አለበት፤ ቅዳሜ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ። አቡ ሩሚ በእኛ ዘመን ቢሆን ከኦሪት ዘፍጥረት አያልፍም ነበር።

ያ የተለፋበት መጽሐፍ ዛሬ የት ነው? ቡፌ ላይ። ዳንቴል ለብሷል። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ ልጅ ሲቃዥ ትራስ ሥር ይገባል፤ በዓል ሲሆን ስመን እንመልሰዋለን። በቀደም አንድ ዘመዴ ቤት አውርጄ ብገልጠው ከመጽሐፈ ምሳሌ መካከል የእድር ደረሰኝ፣ የውኃ ቢልና ዕጣው የወጣ የሎተሪ ትኬት ወደቀ። «ሎተሪውን እዚህ ያስቀመጥከው ለምንድን ነው?» ብለው «እዚያ ማንም አይነካውማ» አለኝ። ሐቁን ተናገረ። በዚያ ቤት ከዚያ የተሻለ ካዝና የለም።

ስልኬ ላይ አለ የሚሉትንም እንዳትረሱብኝ። አለ፤ አልካድኩም፤ ሦስት ዓይነት ትርጉም ጭነዋል። ነገር ግን ባትሪው ባለቀበት ዕለት የወረቀቱን መጽሐፍ ሰጥታችሁ ዕንባቆምን አውጡ በሏቸው። ዕዝራ ጋ ይፈልጉታል፤ አዲስ ኪዳን ድረስ ሄደው ፈልገው ያጡታል፤ በመጨረሻም «የለም» ብለው ይመልሱላችኋል።

ጥናት የሚባለውንም አይቼዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ሐሙስ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲጀምሩ፣ «አባባ፣ የእኛ ወገን ባይሆኑም ይምጡ» ብለው ጠሩኝ። ቃሉ ወገን የለውም ብዬ ሄድኩ። መዝሙር ሆነ፣ ጸሎት ሆነ፣ የዘገየ በገባ ቁጥር ተነሥቶ መሳሳም ሆነ። በስተመጨረሻ ሉቃስ 10 ተገለጠ፤ ማርታ በሥራ ስትባክን እህቷ ማርያም በጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ስትሰማ የሚለው። አምስት ቁጥር ብቻ ነው። ሲያልቅ መሪው «እሺ፣ ለእናንተ ምን ተናገራችሁ?» አለ። አንዱን ስለ ሥራ ቅጥሩ ተናግሮታል። አንዷን ስለ ካናዳ። ሌላውን መኪናውን እንዲሸጥ። አምስት ቁጥር ይህን ሁሉ እንዴት እንደያዘ ገርሞኛል። ጌታ ለማርታ ምን አላት ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ እመቤት ጓዳ ናት። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ድው ድው ይላል፤ ማርታ በተባለ ቁጥር ድምፁ የሚበረታ መሰለኝ። የቡናው ጢስ ገባ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ እሷ ግን ገብታ አልተቀመጠችም። አላስቻለኝምና «ልጄ፣ ነይ እንጂ ተቀመጪ፤ የምንማረው እኮ ስለ አንቺ ነው!» አልኳት። ከጓዳ ሆና «አባባ፣ እኔ ማርያምን ሆኜ ብጎለት ቡናውን ማን ያፈላልዎታል?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ መሪው ደብተሩን ዘጋ። ምንባቡን ያን ማታ በትክክል የሰማው ሰው ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ማርታ በዚያ ቀን ጌታን የጠየቀችው ይህንኑ ነውና። መልሱን ግን ከቁጥር 41 አንብቦ የነገራት የለም፤ ሁሉም ሲኒውን ዘረጋ። እኔም በረካውን ሳልጠጣ አልወጣሁም፤ ዋሽቶ ማን ይጠቀማል?

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ነው። ወጣቱም ሰባኪውም «እገሌ እገሌን ወለደ» ሲመጣ ዐይኑን ዘግቶ ይሻገረዋል። ወይ ጉድ! ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ እኮ ነን። ሙሽራው ይቅርና የሙሽራው አያት ከየት መጣ ብለን ሌሊት የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ሰውን የምናከብረው የማን ልጅ እንደሆነ አውቀን ነው። የጌታን ትውልድ ለመቁጠር ግን ታከተን። ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት ትውልድ ነው፤ ለአንድ ሲኒ ቡና የሚበቃ ጊዜ አይፈጅም። ቢያነቡት እኮ ማንን እንደሚያገኙ! አማቷን በዘዴ የረታችውን ትዕማርን፣ የኢያሪኮዋን ሴተኛ አዳሪ ረዓብን፣ ሞዓባዊቷን ሩትን፣ ስሟ እንኳ ያልተጠራውን የኦርዮን ሚስት። የእኛ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲቆጥሩ ከእነዚህ አንዷ ብትገኝ ሠርጉ ያኔውኑ ፈረሰ። ማቴዎስ ግን ወንጌሉን የከፈተው በእነሱ ነው፤ አልደበቃቸውም። እኛ ደግሞ በማንበብ ፈንታ በመዝለል ደበቅናቸው። የሰውን ዘመድ ስም መጥራት ታክቶ ሰውየውን አከበርኩ ማለት በየትኛው አገር ወግ ነው?

ታክሲውንም ሳልነካ አልቀርም። ከመገናኛ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የኋላ መስታወቱ በሙሉ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ይላል። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ረዳቱ በሦስት ሰው መቀመጫ አራት አስቀመጠን፤ ጉልበቴ የሰው ዘንቢል ውስጥ ገባ። መልሴን ስጠይቀው «ቆይ አባት፣ ዝርዝር የለም» አለ፤ እጁ ላይ ያለው ዝርዝር ግን ይንኮሻኮሻል። «አንተ ልጅ፣ ኋላ የለጠፍከውን አንብበኸዋል?» ብለው፣ «አባት፣ እሱ የባለንብረቱ ነው፤ እኔ ረዳት ነኝ» አለኝ። ሉቃስ 6፥46 ላይ ጌታ ራሱ «ጌታ ሆይ» እያሉ ለሚጠሩትና ያለውን ለማያደርጉት ሰዎች ያቀረበው ጥያቄ አለ። ያንን የሚለጥፍ መኪና እስካሁን አላየሁም። ትርፍ ሰው ሳያባርር አይቀርም።

ይህ ጉድ የአንዱ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም ነው። አንዱ መጽሐፉን ተሳልሞ ይመልሰዋል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ ይጮህበታል፤ ሁለቱም ሳይገልጡት ይመሻል። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለውን የኢትዮጵያ ንግሥት ጃንደረባ ግን ሁላችንም «የእኛ ሰው ነው» እያልን እንሻማበታለን። ሊቃውንቱ ከሱዳኗ መርዌ ነው የመጣ ይላሉ፤ እሱን ለእነሱ እንተወው። ሰውየው በጋዛ መንገድ በሠረገላ እየሄደ፣ ኢሳይያስን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ አልገባኝም ብሎ ያመነ፣ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ወንጌላዊው ፊልጶስ ከዚያች ምንባብ ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ጃንደረባው «ለእኔ የተናገረኝ» ብሎ ስለሚጠብቀው የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ቢያወራ ኖሮ ሳይጠመቅ አገሩ ይገባ ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፍ ነው፤ ወራችን ደግሞ 30 ቀን። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ሳትዘሉ፣ ከላይ ያለውን ቁጥርም ከታች ያለውንም ጨምራችሁ አንብቡ። የዘር ሐረጉ ሉቃስም ዘንድ ምዕራፍ 3 ላይ አለና እንዳታልፉት። የሚተርፏችሁን 6 ቀኖች እኔን እሙባቸው።